ምሰሶ የሌለው ቤት

ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ተሰልፌ ነው። በደርግ ጊዜ ወልድያ ላይ ለመንግሥት በዓል ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ፣ ከየቀበሌው በጭነት መኪና ታጭቀን ሄድን። ሜዳው መሐል ሁለት ቤቶች ቆመዋል፤ ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ መስኮታቸው ባለመስታወት፣ ግድግዳቸው ከፋብሪካ ተቆርጦ መጥቶ በብሎን የተገጣጠመ። በራቸው ላይ "የነገው ገበሬ መኖሪያ" የሚል ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። በአንዱ በር እንገባለን፣ በሌላው እንወጣለን፤ ቆም ብሎ ማየት አይፈቀድም። ውስጡ አልጋ ተነጥፎ፣ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። ስንወጣ አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ የማያጨበጭበውን የሚያይ ሰው በዚያን ጊዜ አይጠፋም ነበር።

ከዓመት በኋላ ከሁለቱ አንዱን ትገዢዋለሽ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ከት ብዬ እስቅበት ነበር።

የምንኖረው ከወልድያ በታች መርሳ ከተማ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ የእህል መኪና ሹፌር ነበር፤ በወር ሁለት ቀን ቤቱ ካደረ ተመስገን ነው። እኔ በልብስ ስፌት መኪናዬ የሰው ቀሚስ እያጠበብኩ፣ እያሰፋሁ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። አንድ ቀን ቀበሌው ሰብስቦን፣ መንገዱ ስለሚስተካከል ክፍሎቹ እንደሚፈርሱ፣ ለእኛም ከመንገዱ በላይ ቦታ እንደተመራልን ነገረን። ደስ ብሎን ሳናበቃ ቀሪውን ጨመሩ፦ ክረምት እስኪገባ ቤት ያልቆመበት ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ቤት በምን ይቆማል? እንጨት መቁረጥ ያሳስራል። ከገበያ አንድ ግንድ ቢገዙ እንኳ ከየት አመጣችሁት የሚል ይከተላል። ጭቃ ቤት ደግሞ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ግንቦት ደግሞ ገብቷል።

የኤግዚቢሽኑ ቤት ሊሸጥ ነው የሚለው ማስታወቂያ የተለጠፈው ይኼኔ ነው። ባለቤቴ ያለንን ሁሉ ሰብስቦ በእጄ አስጨበጠኝና፣ "እኔ ነገ ጠዋት ተነሺ ነኝ። አባትሽን ይዘሽ ሂጂና አሳዪያቸው። እሳቸው ደህና ነው ካሉ ውሰጂው" ብሎኝ ሄደ።

አባቴ ከወልድያ በላይ ደጋው ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን በእርሻቸው አይደለም፣ በምሰሶ ተካይነታቸው ነው። በእኛ አገር ቤት ሲሠራ መሐል ላይ የሚቆመውን ምሰሶ ማንም ብድግ ብሎ አይተክለውም። ሰው ይመረጥለታል። ትዳሩ የጸና፣ ቃሉ የታመነ፣ ከሁሉ በላይ አእምሮው የረጋ መሆን አለበት፤ የተካዩ ጠባይ ወደ ቤቱ ይገባል ተብሎ ይታመናላ። አባቴ ከደጋው አልፈው እስከ ግራናና እስከ ውርጌሳ ድረስ እየተጠሩ ተክለዋል። በድርቁ ሁለቱም በሬዎቻቸው ካለቁባቸው ወዲህ ቀና ብለው እንዲሄዱ ያደረጋቸው ይኸው ነበር። ሰው ደጃቸው ድረስ መጥቶ፣ "ይምጡልን" ይላቸዋል። ያቺን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚበራውን እኔ ልጃቸው አውቀዋለሁ።

ወልድያ ላይ ስንገናኝ እንጨት የሚፈለፍሉበትን መሯቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በጋቢያቸው ስር ይዘው ነበር።

"አባዬ፣ መሮው ለምንዎ ነው?" አልኳቸው።

"ቤት ልናይ ነው አላልሽም እንዴ?"

"ልናይ እንጂ ልንሠራ አይደለም። ደግሞ እባክዎ፣ ምንም ጉድለት ቢያገኙ እዚያው አይናገሩ። በኋላ ለብቻችን ይነግሩኛል።"

"እሺ" አሉኝ። እሺ ሲሉ ግን ዓይናቸው ወደ ሜዳው ነበር።

የፈራሁት በከንቱ አይደለም። ይኼ ቤት እንደ ድስትና እንደ አልጋ አገላብጠው የሚገዙት ዕቃ አልነበረም። ትላልቅ ሰዎች የመረቁት፣ እኛ ተሰልፈን ያጨበጨብንለት ነው። እሱን ተሰነጠቀ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ዘመን ሰው ይገባዋል። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤታችን የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ተናገረ። ማታውን ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ የምታመላልስበትን ሰሐን ከእኔ ትዋስ ነበር፤ አንድ ቀን፣ "ከእንግዲህ አያስፈልገኝም" ብላ አጥባ መለሰችልኝ። እኔ ቃል የምፈራው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ቤቱ ዓመት ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ቀለሙ ተልጧል። ጎኑ የነበረው ሁለተኛው ቤት የለም፤ አስቀድሞ ተወስዷል አሉን፣ ማን እንደወሰደው ግን አልነገሩንም። ካኪ የለበሰ ኃላፊ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ቆሟል። እሱን መርሳ ላይ ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ሁለት ጥበቃዎችም አሉ። ቤቱን ሊያይ የመጣ ሌላ ሰውም ነበር፤ የመርሳ ባለሱቅ ነው፣ ክርና ቁልፍ የምገዛው ከሱ ነው።

"እዩና ፈርሙ" አለ ኃላፊው። "ከተፈረመ በኋላ ተበላሸ፣ ጎደለ ብሎ አቤቱታ የለም።"

አባቴ ገቡ። እኔ ተከተልኳቸው። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ጎንበስ ብለው ደግሞ ከታች አንኳኩ። ላይኛው ቀለል ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ታችኛው ድፍን አለ። በመሯቸው ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ግድግዳው የተሠራበት ችፑድ፣ ተጨፍልቆ የተጣበቀው የእንጨት ብናኝ፣ እንደረጠበ ዳቦ ተፈረፈረ። ጥበቃው አየን።

"አባዬ" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

አልሰሙኝም። ቤት ውስጥ ሲገቡ የሰው ድምፅ አይሰማቸውም። ግድግዳና ግድግዳ የሚያያዝበትን ማዕዘን በእጃቸው ዳሰሱ። ቀዳዳው አራት ነው፣ ብሎኑ ግን ሁለት። ሌላው ማዕዘንም፣ በየግድግዳው መገጣጠሚያውም እንደዚያው። አንዱ ብሎን የሚያጠብቀው ዳዶ እንኳ አልገባለትም፤ በሁለት ጣታቸው ሳቡት፣ ወጣ። ለበዓሉ ቶሎ ተተክሎ ቶሎ እንዲነቀል በግማሽ ብሎን ብቻ ያቆሙት ኖሯል። ዓመት ሙሉ የቆመው ተቸንክሮ ሳይሆን ነፋስ ራርቶለት ነው። ይህን ሁሉ በልቤ እያሰብኩ ፊቴን ግን ፈገግ አደርግ ነበር፤ ከደጅ ለሚያየኝ ኃላፊ።

ከዚያ አባቴ ወለሉ መሐል ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ግራ ገባቸው። ዞር ዞር አሉ፣ ልክ ሰው እንደሚፈልጉ።

"ምሰሶው የታለ?" አሉ ጮክ ብለው።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ይኼ ምሰሶ አይፈልግም፣ አባት። በሳይንስ ነው የተሠራ" አለ።

"ሳይንሱ ደግ ነው። ነፋስ ሲመጣስ ምኑን ይይዛል?"

ባለሱቁ ሳቁን ዋጠ። እኔ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብኩ። እሳቸው ግን ያወጡትን ብሎን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ኃላፊው ሄዱ፤ አሳዩት።

"ልጄ፣ ይኼ ቤት ለማየት ነው እንጂ ለመኖር አልተሠራም። ከነሰው ነው የሚወድቅ።"

ጥበቃዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባለሱቁ ጫማውን ያይ ጀመር። ኃላፊው ብሎኑን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ቀይ የነበረው ፊቱ ዐመድ መሰለ። እኔ ያንን ቁጣ ነው ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ደብተሩን ከብብቱ አወጣ፣ እስክሪብቶውን ከኪሱ።

"ስምዎ ማነው አባት? አገርዎስ?"

አባቴ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ደብራቸውን ከነመንገዱ ነገሩት። ጻፈው። እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ሳይ የታየኝ የጎረቤቴ ሰሐን ነው። ታጥቦ የተመለሰው።

ያኔ አፌ ተከፈተ።

"ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት፤ "አባቴ አእምሯቸው ልክ አይደለም። በሬዎቻቸው ካለቁ ወዲህ ተነክተዋል። የሚናገሩትን አያውቁትም። ትናንትም አጥሩን ሲያናግሩ ነው የዋሉት። ቤቱ ምንም አልሆነ፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።"

አጥሩን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዴ መዋሸት ከጀመሩ ተጨማሪው ራሱ ይመጣል።

አባቴ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መሯቸውን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉ፣ ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ኃላፊው እሳቸውንና እኔን ተራ በተራ አየና ደብተሩን ዘጋ። "ምንም ጉድለት የሌለበት መሆኑን አይቼ ተረክቤያለሁ" በሚለው ወረቀት ስር ፈረምኩ። ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ።

መርሳ ድረስ በመኪና ሸኙኝ። ልንወርድ ስንል፣ "ስንት ብሎን ነው የጎደለ?" አሉኝ።

"አልቆጠርኩም፣ አባዬ።"

"ሠላሳ አራት። ዳዶም አብረሽ ግዢ።"

ቤቱ ተነቅሎ መጣ፣ በባለቤቴ ጓደኞች እርዳታ ቦታችን ላይ ተተከለ። የጎደለውን ብሎን ከጋራዥ ለቃቅመን ሞላነው። በሳምንቱ አባቴ አንድ ጥቁር ግንድ በመኪና አስጭነው መጡ፤ የበረታቸው ምሰሶ ነው። በሬ የሌለበት በረት ምን ያደርግልኛል ብለው ነቀሉት። ጭስና ዘመን ያጠቆረው ስለሆነ አዲስ ተቆረጠ የሚል አልተገኘም። ወለሉን በመጋዝ ቆርጠው፣ ቆፍረው፣ ነጩን ቤቴን መሐል ለመሐል በጥቁር ግንድ ደገፉት። እንደ ወትሯቸው ቤቱ ይቁም፣ ልጅ ይደግበት ብለው መረቁ። ስለዚያች ቀን አላነሱም። እኔም አላነሳሁም፤ ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ ግድግዳው ስስ መስሎ ታየኝ።

መርሳ ግን ሳቀ። ጎረቤቶች ገብተው ግንዱን እየዳበሱ፣ "በዘመናዊ ቤት?" ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ምን ያድርጉ፣ እግዜር ይማራቸው" ይሉኛል። ባለሱቁ የሰማውን ነግሯቸዋል። በክፋት አልነበረም፤ ክር ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ነው የሚያወራው። እኔ ደግሞ ውሸት ነው ልል አልችልም። ውሸት ከሆነ ኃላፊውን ዋሽቻለሁ፤ እሳቸውም ያሉትን በሙሉ አእምሯቸው ብለዋል። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ፣ "አዎ፣ ምን ይደረጋል" እላለሁ። አንዴ የዋሸሁትን በየቀኑ ስደግመው ከረምኩ።

ሰኔ ሲገባ አንድ ከሰዓት ነፋሱ ከቆላው ተነሳ። የጎረቤት ቆርቆሮ ተገንጥሎ መንገድ ላይ ወደቀ። የእኛ ቤት ግድግዳው ይንጣጣ፣ መስኮቱ ይርገፈገፍ ጀመር። ሁለቱን ልጆቼን አቅፌ ምሰሶውን ተጠግቼ ቁጭ አልኩ። ጀርባዬ ላይ ግንዱ ሲቃወም ይሰማኛል። ነፋሱ ሲያልፍ ቤቱ ቆሟል። አለቀስኩ፣ ግን ስለዳንን አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ታጣቂ ወረቀት ይዞ መጣ። አባቴ በሚቀጥለው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለጥብቅ ጉዳይ እንዲቀርቡ ይላል፤ ማኅተሙ የኃላፊው ቢሮ ነው። ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ደጋው ድረስ ወጣሁ።

"ይሽሹ፣ አባዬ" አልኳቸው። "ዘመድ ጋ ይሂዱ። ሞተዋል እላለሁ።"

"አበዱ አልሽ፣ አሁን ደግሞ ሞቱ ልትዪ ነው?" አሉኝ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "እኔ ብሸሽ የሚይዙ አንቺን ነው። የፈረምሽ አንቺ ነሽ።"

ሐሙስ ዕለት ልብሳቸውን አጥበው፣ ለነፍሳቸው ንስሐ ገብተው መጡ። ቤቴ ገብተው ውሃ ጠጡ። መሯቸውን ለእኔ አስቀመጡ፣ ከበሩ መለስ ብለው ደግሞ ወሰዱት። የዚያን ቀን መርሳ በሙሉ ለስብሰባ ወደ አደባባይ ተጠርቷል። መንገዱ ጭር ብሎ፣ ድምፅ ማጉያው ብቻ ከሩቅ ይጮኻል። እኔ ከስብሰባው ቀርቼ ደጃፌ ላይ ቆምኩ፤ ከዚህ በላይ ምን ይመጣብኛል ብዬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ዐሥር ሆነ። የልጆቼን ልብስ አጣጥፌ፣ ፈትቼ፣ ደግሞ አጠፍኩ። ስንቅ የማመላልስበትን ሰሐን መምረጥ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በመንገዱ ጥግ ጋቢያቸው ታየኝ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው አፈር ነው። ሮጬ ያዝኳቸው።

"ደበደቡዎ?"

"ምን ያስደበድባል? ምሰሶ ስተክል ዋልኩ።"

አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ነገሩኝ። ሁለተኛውን የኤግዚቢሽን ቤት የወሰደው ራሱ ኃላፊው ኖሯል። ወልድያ ላይ ብሎኑን ካሳዩት ቀን ጀምሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር ልጆቹን እያስነሳ ሜዳ ላይ ነበር የሚያድረው። ቤቱ ይወድቃል ብሎ ለበላዮቹ መናገር እሱም ይፈራል። ስማቸውንና አገራቸውን የጻፈው ሊያስጠራቸው ነው፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ሰዉን ሁሉ ለስብሰባ አስወጥቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ከመጋዘን ያስወጣውን የስልክ እንጨት አስተከላቸው። ሲጨርሱ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ለማንም እንዳይናገሩ በመድኃኔዓለም አስማላቸው። ካድሬው! በመድኃኔዓለም!

ደነዘዝኩ። ያ የፈራሁት እስክሪብቶ የጻፈው "ይምጡልን" የሚለውን ኖሯል።

"ስለ እኔ አልጠየቀዎትም?" አልኳቸው። "አሟቸዋል እንዳልኩት…"

"ጠየቀኝ። ልጅዎ ያለችው እውነት ነው ወይ አለኝ።"

"ምን አሉት?"

"አዎ፣ ያመኛል አልኩት።" እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። "አንቺን ዋሸች ብሎ ቢይዝሽስ? ልጆችሽን ማን ያሳድጋቸዋል?"

ከዚያ በኋላ አባቴን ምሰሶ ይትከሉልን ያለ ሰው አልመጣም። ወሬው ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ደጋው ደረሰ። አእምሮው የተነካ ሰው ምሰሶ አያስይዙትም። ክፉ የተናገራቸው የለም፤ እንደውም ድግስ ላይ ቀድመው ያቀርቡላቸዋል፣ እንደ ሕፃን ያባብሏቸዋል። የመጨረሻ ሥራቸውን ደግሞ መናገር አይችሉም፣ ምለዋል።

በዓመቱ የአጎቴ ልጅ ደጋው ላይ ቤት ሲሠራ ተጠርተን ሄድን። አባቴ ከግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ምሰሶውን የሚተክለው እሳቸው ያስተማሩት ጎልማሳ ነው። ግንዱ ቀና አለ፣ ሰዉ እልል አለ፣ ጉድጓዱ በድንጋይ መጠቅጠቅ ጀመረ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል" አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "አሁን ካልተቃና በኋላ አይመለስም። አንቺ ንገሪያቸው። የእኔን አይሰሙም።"

ነቀፋ አልነበረበትም። ያለውን ነው የተናገሩት።

ከእንግዶቹ መሐል ሁለት ታጣቂዎች ነበሩ። ቢሆንም ወደ መሐል ገባሁና፣ "ቁሙ! ምሰሶው ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል። አባቴ ናቸው ያዩት። አባቴ ምንም አልሆኑም፤ ያን ጊዜ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ ነው" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ተካዩ ግንዱን ለቀቅ አድርጎ አየና መልሶ ያዘው። አንዲት አክስቴ ክንዴን ይዛ፣ "እሺ የኔ እናት፣ እሺ፣ ነይ ተቀመጪ" አለችኝ። ከኋላዬ አንዱ ለጎኑ፣ "እሷም ጀመራት እንዴ?" ሲል ሰማሁት። ድንጋዩን መጠቅጠቃቸውን ቀጠሉ።

ተመልሼ ወደ አባቴ ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ ተቀመጥኩ።